ግራውን እምቢ ያለች

ሀሴት ጀርባዋን እንደ ቀስት ለጥጣ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ የእናቷን ግራ ጡት በሁለት እጇ ገፋችው። የሰባ ስድስት ቀን ሕፃን ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣች እግዜር ይወቀው። ተዋበች እንደገና ጡቷን ወደ አፏ አስጠጋች። ልጅቱ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታ ፊቷን አዞረች። ቀጥሎ ጩኸቱ መጣ፤ ከሰባተኛ ፎቅ እስከ አልቢ ባቡር ጣቢያ የሚሰማ ጩኸት።

«እማ፣ ተያት በቃ! ቀኙን ስጫት» አለች ኤልሳቤጥ፣ ኩሽና በር ላይ ቆማ ዳቦዋን እያኘከች።

«ዛሬ ብቻ ትሞክር ብዬ ነው።»

«ትናንትም ‘ዛሬ ብቻ’ ነበር ያልሽው።»

«አንቺ፣ ምላስሽን ሰብስቢ! ይልቅ ፀጉርሽን አበጥሪ። ቀጠሯችን ሦስት ተኩል ላይ ነው።»

ተዋበች ተሸነፈች። ልጅቱን ወደ ቀኝ ስታዞራት ጩኸቱ እንደ ራዲዮ ጥርቅም አለ። ሀሴት ዓይኗን ከድና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ትጎነጭ ጀመር።

ይኸው አንድ ወር ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ትጠባ ነበር፤ ግራ ቀኝ አትልም፣ አፏ የደረሰውን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ግራውን እምቢ አለች። እምቢ እንዳለች ቀረች። አሁን የቀኙ ጡት ሞልቶ ቀሚስ ያስጨንቃል፣ የግራው ኮስምኖ የሌላ ሰው ጡት መስሏል። አባትየው ወንድይራድ በነገሩ ይስቃል። ወጣት ሳለ በግራ ፖለቲካ ምክንያት ሁለት ዓመት ታስሮ፣ ከዚያ ነው በሱዳን በኩል ወጥቶ ስዊድን የገባው። «እኔ ለግራ ስገረፍ ኖሬ ልጄ ቀኝ ዘመም ሆና ትወለድብኝ?» ይላል፣ ቤት ለገባ እንግዳ ሁሉ። እንግዳ ሁሉ ይስቃል። ተዋበችም አብራ ትስቃለች። ስትስቅ ግን እጇ ነጠላዋን ወደ ግራ ጎኗ ይስባል። ኤልሳቤጥ ይህን አይታለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የማይታይ ነገር የለም፣ በተለይ እንዳይታይ የተፈለገው።

ዛሬ ከትምህርት ቤት የቀረችው ለማስተርጎም ነው። ሀሴት የምትመዘንበት የሕፃናት ጤና ጣቢያ አስተርጓሚ በነፃ ያስመጣል። ችግሩ ለአማርኛ ሁልጊዜ የሚመጡት አቶ ተገኝ መሆናቸው ነው። አቶ ተገኝ ደግ ሰው ናቸው፣ ስዊድንኛቸውም የጋዜጣ ነው። ነገር ግን የእትዬ ሸዋሉል ባል ናቸው። እትዬ ሸዋሉል የሰሙት ነገር ደግሞ እሁድ ቅዳሴው ሳያልቅ ከከተማው ማዶ ሱንድቢበሪ ይደርሳል። በዚያ ላይ የፊታችን ቅዳሜ የሀሴት የክርስትና እናት ሊሆኑ ነው። ተዋበች ስለ ጡቷ በአቶ ተገኝ አፍ ከምትናገር ብትሞት ትመርጣለች። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀጠሮ «ልጄ ታስተረጉምልኛለች» ብላ አስተርጓሚውን አስቀርታለች።

ኤልሳቤጥ ሥራውን በራሷ ዘዴ ነው የምትሠራው። ነርሷ ጉኒላ ለአምስት ደቂቃ ብትናገር፣ ኤልሳቤጥ «የቫይታሚን ጠብታውን አትርሺ ትልሻለች» ብላ ትጨርሳለች። እናቷ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጎረቤቱና ስለ እግዚአብሔር ብትዘረዝር፣ «አመሰግናለሁ ትላለች» ብላ ታልፋለች። እስካሁን የተጎዳ ሰው የለም። ሁሉም ፈገግ ብሎ ነው የሚወጣው።

የበሩ ደወል ጮኸ። ደወሉን ተከትለው እትዬ ሸዋሉል ገቡ፤ አዛውንቶች ከሚጦሩበት ቤት አዳር ሠርተው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። ቦት ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው፣ አንዲት የፕላስቲክ ከረጢት እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ያዙ።

«እንዴት አደርሽ አራሷ! እሰይ፣ ትጥባ፣ ትጥባ። አሁንም በአንድ ወገን ነው?»

«ግራውንም ቀመስ ቀመስ ጀምራለች» አለች ተዋበች። ኤልሳቤጥ ጣሪያውን አየች።

«አግስታበት ነው። ልጅ እየጠባ ካገሳበት ጡቱ ይዘጋል። ያ ካልሆነ ምች ነው። ይኸው ዳማከሴ። ሰው አገር ቤት ደርሶ ሲመጣ ለምኜ ያገኘሁት ነው፤ ደርቋል እንጂ ጉልበቱ አለ። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፊና እሺው።»

«እትዬ ሸዋሉል፣ ምች የሚመታው ፀሐይ አይደለም እንዴ?» አለች ኤልሳቤጥ። «እኛ ፀሐይ ካየን አራት ወራችን ነው።»

«ይቺን ልጅ የሚያገባት ሰው አስቀድሞ ጆሮውን ይድፈን!» ብለው እትዬ ሸዋሉል ሳቁ። ከዚያ ወደ ሀሴት ጎንበስ አሉ። «ቀሚስሽን ገዝቻለሁ፣ የኔ ሙሽራ። ሶደርማልም ድረስ ሄጄ። እንደ ወተት ነጭ! ቅዳሜ ሰማንያሽ ነው። እናትሽም ሰማንያ ቀን ደጅ ከርማ አብራሽ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች።»

«አሜን፣ ያድርሰን» አለች ተዋበች፣ ድምፅዋ ግን ቀጥ ብሎ አልወጣም።

እትዬ ሸዋሉል እንቅልፋቸው መጥቶ ሄዱ። ሀሴትም ጠግባ ተኛች። ተዋበች ቅጠሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ቆይታ ቆይታ ተጣራች።

«ኤልሲ፣ ነይ እስቲ። አንቺ እሺልኝ።»

«እኔ? ለምን ራስሽ አታሺውም?»

«ራሴ ስነካው እጄ ይፈራል።»

ኤልሳቤጥ ልትቀልድ አፏን ከፍታ ነበር፤ ስትገባ ግን ቀልዱ ጠፋባት። የእናቷን ግራ ጡት በሙሉ ብርሃን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ቆዳው በአንድ በኩል እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በክር የሚጎትተው ይመስላል። ቅጠሉን ጨምቃ በሁለት ጣቷ ከላይ ወደ ታች አሸች። ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። ወደ ብብት ስትጠጋ ጣቷ ቆመ። ከቆዳው ሥር አንድ ነገር አለ፤ ትልቅ ብይ የሚያህል። ገፋ አደረገችው። አይሸሽም። የበቀለ ነው።

«እዚህ ጋ ያምሻል?»

«አያምም። ለዚህ እኮ ነው ምንም አይደለም የምልሽ። ክፉ ነገር ቢሆን ያመኝ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?»

ተዋበች በመስታወቱ ውስጥ ልጇን አላየቻትም። «ሀሴት ሆዴ ውስጥ እያለች ትንሽ ነበር፣ እንደ ምስር። አሁን አደግ ብሏል።»

«ከሷ እኩል ነው የሚያድገው?»

«ምን ዓይነት አነጋገር ነው? እሺ ዝም ብለሽ።»

«ለአባባ ነግረሽዋል?»

«አባትሽ ምኑን ያውቃል? ሲቀልድ ነው የሚውለው። ይቀልድ። የሚቀልድ ሰው ቤት ውስጥ ያስፈልጋል።»

ኤልሳቤጥ እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ሽታው ለቀቀ፤ ያ ጠንካራ ነገር ግን ጣቷ ጫፍ ላይ እንዳለ ቀረ።

የሕፃን ጋሪውን በሊፍት አውርደው ወጡ። የቀለጠው በረዶ ከጨው ጋር ተቦክቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ የጋሪው ጎማ በየአሥር እርምጃው ይያዛል። ሰማዩ ፎቆቹ ላይ ተኝቷል። ተዋበች እንደ ወትሮዋ አልተጣደፈችም።

«ስሚኝ» አለች። «ስለ ልጅቷ የጠየቀችሽን ሁሉ መልሺ። ስለ እኔ ከጠየቀች፣ ደህና ናት፣ አለቀ።»

«ለምን?»

«ቅዳሜ ክርስትና ነው። ዛሬ አንድ ነገር ካወራሽ ነገ ሆስፒታል ግቢ ይሉኛል። ያስተኙኛል። ልጄ ያለ እኔ ትጠመቃለች።»

«ከቅዳሜ በኋላስ?»

«ከዚያ ጾም ይገባል።»

«ጾሙ ሲፈታስ?»

ተዋበች ጋሪውን አቆመች። አንዲት የቱርክ ሴትዮ በዘምቢል ድንች ተሸክማ በአጠገባቸው እስክታልፍ ጠበቀች፤ ሴትዮዋ አማርኛ የምትሰማ ይመስል።

«አክስትሽ ለምለም በምን ሞተች?»

«በወባ።»

«በወባ አይደለም።» ተዋበች የጋሪውን እጀታ ታሸው ጀመር። «የሷም ልጅ አንዱን ጡት እምቢ ብሏት ነበር። አሮጊቶቹ ጠግቦ ነው አሉ። እሷም ዝም አለች፤ ወፍጮ ትሄዳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ትስቃለች። ከዓመት በኋላ ሆስፒታል ወሰዷትና ቀደዷት። ቢላ ከነካት አራት ወር አልቆየችም። ገባሽ? ቢላው ነው የሚያስቆጣው። ካልነኩት ተኝቶ ይኖራል።»

«ከዓመት በኋላ?»

«ምኑ?»

«ሆስፒታል የሄደችው። ልጁ እምቢ ካለ ከዓመት በኋላ ነው?»

«አዎ አልኩሽ። ለእናቴ ምዬላታለሁ፤ ገላዬን ቢላ አይነካውም። አሁን ሂጂ፣ ረፈደብን።»

ኤልሳቤጥ ሄደች። ሒሳብ አትወድም፤ ዛሬም ከሒሳብ ፈተና በማምለጧ ጠዋት ዘፍና ነበር። ይህቺ ሒሳብ ግን ወረቀት አትፈልግም። የለምለም ልጅ ያወቀው ሐኪሞቹ ከማወቃቸው ዓመት ቀድሞ ነው። መናገር ስለማይችል እምቢ አለ። ጋሪው ውስጥ አየች። ሀሴት ተኝታለች፤ ከንፈሯ በህልሟ ይጠባል።

ጉኒላ ረጅም ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፣ እጇን ሕፃን ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ አሽታ ታሞቃለች። ሀሴትን ሚዛን ላይ አስተኛቻት። ሀሴት ወዲያው ሸናችበት። ሁሉም ሳቀ፣ ኤልሳቤጥም በመጠኑ።

«አምስት ኪሎ ከስምንት መቶ! ጎበዝ ሴት!» አለች ጉኒላ በስዊድንኛ። «እንዴት ነው የምትጠባው?»

ኤልሳቤጥ ተረጎመች። እናቷ ማስታወሻ እንደያዘ ተማሪ መለሰች። «በቀኙ ብቻ ነው፣ ግን ይበቃታል በያት።»

ጉኒላ ራሷን ነቀነቀች። «ብዙ ሕፃናት አንዱን ወገን ይመርጣሉ። በአንድ ጡት ብቻ የሚያድጉ ሞልተዋል። ክብደቷ የሚናገረው ይህንኑ ነው። የሚያስፈራ ነገር የለም።»

ይህን ኤልሳቤጥ አላሳጠረችም። ቃል በቃል ተረጎመችው፤ እንዲያውም «የሚያስፈራ ነገር የለም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አለችው። ተዋበች ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። «አላልኩሽም?» ኤልሳቤጥም ተነፈሰች። የነርስ ቃል ነው እንግዲህ። ትልቅ ሰው ናት፣ ዲፕሎማዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አሁን ልጅቷን አልብሰው ቢወጡ ከምሳ በፊት ላለው ትምህርት ትደርሳለች።

ጉኒላ ግን እስክሪብቶዋን አንስታ የልጅቷን ካርድ ሳበች። «ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርገው?»

«ከተወለደች ጀምሮ ነው በያት» አለች ተዋበች፣ የሀሴትን ካልሲ እያጠለቀች።

ኤልሳቤጥ ይህንኑ አለቻት። ጉኒላ ጻፈችው። በሰማያዊ ቀለም፣ በደንብ በተቀረጸ ፊደል፣ ካርዱ ላይ ሲቀመጥ ውሸቱ እውነት መሰለ። ጉኒላ ካርዱን ልታጥፈው ስትል እጇ ቆመ። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። መነጽሯን አደረገች።

«ይገርማል። በስድስተኛው ሳምንት ‘ሁለቱንም በደንብ ትጠባለች’ ብዬ ጽፌያለሁ። የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ሊሳ።» ጉኒላ ኤልሳቤጥን የምትጠራት ትምህርት ቤት በምትጠራበት ስም ነው። አልተቆጣችም። መቆጣቷ ይሻል ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናትሽን ጠይቂልኝ። ጡቷ ላይ ጠንካራ ነገር ዳብሳ ታውቃለች? ቆዳው ተለውጧል? በቤተሰቧስ የጡት በሽታ የታመመ ሰው አለ? ከፈለገች አስተርጓሚ በስልክ ልጥራ፣ ‘ቶልክ’።»

ተዋበች ከስዊድንኛ አሥር ቃል ብታውቅ ነው፤ ይህኛው ግን አንዱ ነው። ቀና አለች። «ኔይ! ኔይ ቶልክ!» አለች፣ የምታውቃትን እምቢታ ከምታውቀው ቃል ጋር አጋጥማ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ምንድን ነው የምትለው?»

ኤልሳቤጥ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ነገረቻት። ጠንካራ ነገር። ቆዳ። ቤተሰብ። አንዱንም አልዘለለችም። እየተናገረች የእናቷን ፊት አየች፤ የእናቷ ፊት ለጉኒላ ፈገግ እንዳለ ነው፣ ለፎቶ ተዘጋጅቶ የቆየ ሰው ፈገግታ። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ብቻ ይዘላል።

«የለም በያት» አለች ተዋበች፣ ፈገግታው ሳይነቃነቅ። «እየሳቅሽ በያት። ፊትሽን እንደዚያ አታድርጊ፣ ታውቅብናለች። ስለ ለምለም አንድ ቃል ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም።»

ከበሩ ውጭ፣ መጠበቂያው ላይ፣ የሌላ ሰው ልጅ ብሎኬት ያጋጫል። ሀሴት ነቅታ ወደ እናቷ ደረት ፊቷን ታሻሻለች፤ ወደ ቀኙ። ጉኒላ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች።

አንድ ቃል ነው። «ኔይ።» ሁለት ፊደል። ኤልሳቤጥ በቀን መቶ ጊዜ የምትለው ነው፤ ለአስተማሪ፣ ለአባቷ፣ ለወንዶች። ብትለው ይወጣሉ፣ እናቷ በመንገድ ላይ እጇን ትይዛታለች፣ ቅዳሜ ይደርሳል፣ ነጩ ቀሚስ ይለበሳል። ልጄ አይደለሽም የሚላት ሰው አይኖርም። የለምለምን ልጅ አሰበች። አሁን ሃያ ዓመት ሳይሞላው አልቀረም። አንድም ፎቶው ቤታቸው የለም።

ፊቷን እንደዚያው አደረገች። ጉኒላን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ በስዊድንኛ ጀመረች።

«እናቴ የምትለው ይኸው ነው። ‘የለም በያት። እየሳቅሽ በያት። ፊትሽን እንደዚያ አታድርጊ፣ ታውቅብናለች። ስለ ለምለም አንድ ቃል ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም።’»

ተዋበች አንዲቱን ቃል ስትጠብቅ ነበር። ቃሏ አልመጣችም፤ ሌሎች መጡ፣ ሌሎች ተከተሏቸው፣ በመካከላቸው የእህቷ ስም ጥርት ብሎ ተሰማ። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

ጉኒላ አልጻፈችም። እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ተነሥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ ወንበሯንም ከጠረጴዛው ወዲያ አውጥታ ከተዋበች ጉልበት አጠገብ አምጥታ ተቀመጠች። ከዚያ፣ ሁልጊዜ ሕፃን ልትነካ ስትል እንደምታደርገው፣ እጆቿን ታሽ ጀመር።

«ምን አልሻት?» አለች ተዋበች። ድምፅዋ ሹክሹክታ ነበር። «ኤልሲ፣ ምንድን ነው ያልሻት?»

«ያልሽውን» አለች ኤልሳቤጥ። ጉንጯ ረጥቧል፤ ድምፅዋ ግን ጸንቷል። «አንድም ቃል አላስቀረሁም።»